ጀርባውን ገልብጡት

እኔን ያሳደገችኝ ስፌት ሰፊ ናት። እናቴ እጇ ላይ ሰፌድ ሲገባ ፊቱን አታየውም ነበር። ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ‹‹እጅ አላት›› ትላለች። ይቺን ቃል በዓመት አንዴ ከሰማናት ብዙ ነው። ለምን ፊቱን እንደማታይ ስንጠይቃት ‹‹ፊቱ ለእንግዳ ነው፣ ጀርባው ለሰፊ›› ትለን ነበር።

ባለፈው ሸዋል ኢድ ሐረር፣ በግንብ በተከበበው ጁገል ውስጥ፣ ነደባ በሚሉት መደብ ላይ ተቀምጬ ሁለት ስፌት እያገላበጥኩ ግማሽ ቀን የዋልኩት ይኸው ልማድ ይዞኝ ነው። ውጪ ከተማው በከበሮና በዚክር ይናወጣል። ሸዋል ኢድ ከረመዳን ኢድ በኋላ ስድስት ቀን የጾሙ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ጾማቸውን የሚፈቱበት በዓል ነው፤ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ካሜራ የያዘ እንግዳ በርክቷል። እኔ ግን ለበዓሉ አልሄድኩም። ከቶሮንቶ የመጣች የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ‹‹እትዬ፣ የሴት አያቴን ስፌት ወደ ቤቱ እየመለስኩት ነው፤ መጥተሽ እይልኝ›› ብላ ደውላልኝ ነው።

ሴት አያቷ መርካቶ ጎረቤታችን ነበሩ። ስማቸው እንዲወጣ ቤተሰቡ ስላልፈለገ ሁላችንም እንጠራቸው በነበረው እጠራቸዋለሁ፤ አይ። ለአማርኛ ጆሮ እምቢታ ይመስላል እንጂ በሐረሪ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ሐረር ውስጥ ወልዮችም፣ ቅዱሳኑ ሰዎች፣ በዚሁ ይጠራሉ፤ ወንዱ አው፣ እንደ አው አባድር፤ ሴቷ አይ፣ እንደ አይ አቢዳ። የእኛዋ አይ በ1926 ዓ.ም. ጁገል ውስጥ ተወለዱ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በ89 ዓመታቸው ቶሮንቶ ላይ ዐረፉ።

ወደ ቤቱ የወረድኩት በመኪና ግርግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚያወርደው ይህ መንገድ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስሙን ያወጣለትም የስፌት መኪናው ጩኸት ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ መታጠፍ፣ እንደገና መታጠፍ፣ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ የሚታከክበት መንገድ ላይ መግባት ነው። ጁገል በቆዳ ስፋቱ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዚያች መሬት ላይ 82 መስጊድ አለ። መጠየቅ ያላፈረ ሰው አይጠፋም።

ሐረሪ ቤቱን ጌ ጋር ይለዋል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ደጃፉን ሲያልፉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት ነደባዎች፣ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ቀይ አፈር የተቀቡ፣ ይጠብቁዎታል። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፣ ጊድር ነደባ የትልቁ ቤተሰብና የእንግዳው፤ ሱትሪ ነደባ ወደ ውስጥ ሸሸግ ያለው ነው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ጦርነት ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ከነደባው በላይ ያለው ግድግዳ ግን ሙሉ በሙሉ የሴት ነው፤ ከጣራው ሥር ጀምሮ ስፌት፣ የሸክላና የብረት ሳህን፣ እንደገና ስፌት። ባዶ የሚቀር ቦታ የለም። በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ ግን አንድ ቦታ ባዶ ነበር፤ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ከጎኑ አንድ ስፌት ተሰቅሏል፣ ጭስ ያጠቆረው።

ስፌቱ ሐማት ሞት ይባላል። አትደንግጡ፤ ሞት በሐረሪ የስፌት ዕቃ ነው። ሙሽራዋ ለአማቷ የምትሰጠው ጥንድ ስፌት ስለሆነ ነው ስሙ እንዲህ የሆነው። መርካቶ ልጅ ሳለን ‹‹የአይ ሐማት ሞት ተሰቅሏል›› ሲባል ሰምተን ተዝካር እንጠብቅ ነበር። የፊንጃን ማስቀመጫውን ደግሞ ፊንጃን ጋር ይሉታል፣ የፊንጃን ቤት። ሰው የሚያድርበትም ሲኒ የሚያድርበትም ጋር ነው፤ ይህን አጠራር ሁሌም እወደዋለሁ።

የአይ ሐማት ሞት ጥንዱ ተለያይቶ ኖሯል። አንዱ ይህ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ከአይ ጋር ባሕር ተሻግሮ። የልጅ ልጃቸው ሻንጣዋን ፈትታ ነጠላ ገለጠች፤ ሁለተኛውን አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። የግድግዳውንም አወረድነው።

ገለበጥኳቸው።

በመጀመሪያው ልጀምር፣ ሐረር በቀረው። ስፌት ከባዱ ነገሩ መጀመሪያው ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ ዙሩ ይጠብባል፣ ጣት መግቢያ ያጣል። ያልለመደ እጅ መሃሉ ላይ ወይ ቀዳዳ ይተዋል ወይ እንደ እባጭ ያስነሣዋል። የአይ እምብርት ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም፤ ወደ ደጃፉ ይዤ ብርሃን ላይ ብመለከተው አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አላገኘሁም። አይ ይህን ሲጀምሩ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ለማያውቅ ሰው ተራ ይመስላል። ነዶ ሣር ይያዛል፣ ስንደዶ ይጠመጠምበታል፣ ወስፌ የቀደመውን ዙር ይበሳል፣ የረጠበችው ስንደዶ በብሱ ትገባለች፣ ትሳባለች፤ እንደገና። ነዶው እየሳሳ ሲሄድ አንድ ሁለት ሰበዝ ይመገባል። ጥበቡ ያለው በምገባው ላይ ነው። ሰበዝ አንዴ አብዝተህ ከጨመርክ ዙሩ እዚያ ላይ ያብጣል፤ ከዘገየህ ይቀጥናል፤ ዐይን ባያየው አውራ ጣት ያገኘዋል። አውራ ጣቴን ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ጎተትኩት። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም።

በአውራ ጣቴ ስፋት ውስጥ ጥምጥሙን ቆጠርኩ፤ 14። ሌላ ቦታ ቆጠርኩ፤ 14። ጠርዙ አጠገብ፣ ሰው ሲሰለቸው እጁ በሚላላበት ቦታ፣ ሦስተኛ ቆጠርኩ፤ 14።

ስንደዶውን አጥብቆ የሚስብ ሰው ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ሰፌዱ እንደ ቆብ ይጎብጣል። አላልቶ የሚስብ ደግሞ ጠርዙ ይወዛወዝበታል። መሬት ላይ አኑሬ ዳር ዳሩን በጣቴ ጫን ጫን አልኩት፤ እንደ ምጣድ ተኝቷል።

እናቴ የምትፈልገው ግን ጀርባው ላይ ያለውን ነው። ወስፌ ከፊት ሲገባ የሰፊዋ ዐይን ይመራዋል፤ በጀርባ በኩል ሲወጣ ግን አታየውም። ግምት ነው። ያልበሰለ እጅ በጀርባ በኩል የታችኛውን ዙር ጥምጥም መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል፤ ፊቱ ያማረ ሰፌድ ጀርባው ጥርሱ እንደተሸራረፈ ማበጠሪያ የሚሆነው ለዚህ ነው። በአይ ስፌት ወስፌው የወጣው በሁለት ጥምጥም መካከል ነው፤ ሁሌም በመካከል። የተሰነጠቀ ፈልጌ ሦስት አገኘሁ፤ ሦስቱም ከእምብርቱ በአምስተኛው ዙር ውስጥ። ሕፃኗ አምስተኛው ዙር ላይ ተማረች ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አልሳተችም።

ይህ በራሱ የሚመጣ አይደለም። የጁገል ልጃገረዶች ሞይ ጋር የሚባል ቤት ነበራቸው፤ እጇ የታወቀ አንዲት ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት። መምህሯ ስታልፍ ሥራውን ገልብጣ ታያለች፤ ካልጣማት ትፈታዋለች። አይ መርካቶ ሆነው ሲያወሩን፣ አንድ ቀን መምህራቸው የሳምንት ሥራ ሲፈቱባቸው አለቀሱ፤ ሴትዮዋ ‹‹እንባሽን ስንደዶው ላይ አፍሺው፣ ረጥቦ ይሰፋል›› አሏቸው። አይ ይህን ሲናገሩ ይስቁ ነበር። እናቴ አልሳቀችም፤ ትክክል ናቸው አለች።

ጥለቱ የጨረር ነው። ከእምብርቱ ስምንት ቀይ ጨረሮች ይነሡና ወደ ጠርዙ እየሰፉ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ወይን ጠጅና አረንጓዴ አለላ። ዙር እያልኩ ጻፍኩ እንጂ ስፌት ዙር የለውም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ነው። ስለዚህ ጥለት ባለበት ሥራ ላይ አንድ ቦታ ሁልጊዜ ደረጃ ይፈጠራል፣ ቀለሙ ከራሱ ጋር ሳይገናኝ በአንድ ዙር የሚስትበት። ብዙ ሰፊዎች ይተዉታል። አይ ደረጃውን ከቀዩ ጨረር ጠርዝ ጋር ስላጋጠሙት ራሱ ጥለት ይመስላል። የት እንዳለ እስካገኝ ድረስ ቡናው ሁለተኛ ደርሷል።

አሁን ሁለተኛው፣ የተሻገረው።

ይህኛው እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ዙር የወንድሙ ግልባጭ ነው። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ሥራው ቆሟል። ቀዩ አንድ አይደለም፤ እስከዚያ የበርበሬ ቀይ የነበረው ከዚያ ወዲያ ወደ ቀይ ሥር ያደላል። ጥምጥሙም ወፍሯል፤ በአውራ ጣት ስፋት 12 ነው።

እዚያ ዙር ላይ ያለው 1940 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐረሪዎች ኩሉብ ብለው የሚያስታውሱት ንቅናቄ፣ ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር የተያያዘው፣ ተነሣ። ብሶታቸውን ለማሰማት ወደ ሞቃዲሾ መልእክተኞች ላኩ። መንግሥት በኃይል ጨፈለቀው፤ ብዙ ሰው ታሰረ፣ ንብረት ተያዘ፣ ብዙ ቤተሰብ ከጁገል ወጥቶ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ነጎደ። የአይ አባት ከታሰሩት ነበሩ። እናትየው ልጆቻቸውን ይዘው መርካቶ ዘመድ ቤት ገቡ። አይ 14 ዓመታቸው ነው፤ የያዙት አንድ ያለቀ፣ አንድ ያላለቀ ስፌትና ወስፌ ነው።

መርካቶ ላይ ስንደዶ ሞልቷል፣ ቀለምም በዱቄት ይሸጣል። የሐረሩ ግን አይደለም። ‹‹የእናንተ ሣር ያብጣል›› ይሉ ነበር አይ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ፤ እናቴ ደግሞ የመንዝ ሴት ስለሆነች ይህን በዝምታ አታልፍም። የሣር ክርክራቸው እኔ ከማስታውሰው ጊዜ በፊት የጀመረ ነው፤ ሲያልቅም አላየሁም።

እዚህ ላይ ጣቴን አቁሜ ቆጠርኩ። ሃያኛው ዙር 12። ሃያ አንደኛው 12። ሃያ ሁለተኛው 13። ሃያ ሦስተኛው ላይ 14 ተመልሷል፤ እስከ መጨረሻውም 14 ነው። ሣሩ አልተለወጠም፤ ቀለሙ ያው ቀይ ሥር ነው። የተለወጠው እጃቸው ነው። የወፈረውን ስንደዶ በጥፍራቸው አቅጥነው እየሰነጠቁ ወደ ሐረሩ ልክ አመጡት። አባት እስር ቤት፣ እንግዳ ከተማ፣ በሰው ቤት ጥገኝነት፤ ይህቺ ልጅ ሦስት ዙር ፈጅቶባት መለኪያዋን መልሳ አገኘች። ስለ አይ ሕይወት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የቆጠርኩትን ነገር አምናለሁ።

ሁለተኛውን ጨርሰው በ1944 ዓ.ም. ሲያገቡ ጥንዱን ለአማታቸው ሰጡ። አማትየው በኋላ ወደ ጁገል ሲመለሱ አንዱን ይዘው ሄዱ፣ አንዱን ለምራታቸው መለሱ። ‹‹ጥንድ የሚለያየው እንዲገናኝ ነው›› ብለው ነው ይባላል፤ ወይም ጭነት በዝቶባቸው ይሆናል። አይ ራሳቸው ሁለተኛውን ነበር የሚያምኑት።

ቀጥሎ ያለውን ዘመን ስፌቱ አይናገርም፤ ግድግዳ ላይ ስለነበረ። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። አይ ጉፍታ በሚሉት ጥቁር የጸጉር መረብ ጸጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ጠቅልለው፣ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ደጃፍ ተቀምጠው ሲሰፉ ነው የማውቃቸው። አንዷ ሰላት ትሰግዳለች፣ አንዷ የረቡዕን ጾም ትፈታለች፤ ሥራው ግን አንድ ነው፣ ወስፌም ይዋዋሳሉ። እናቴ ‹‹እጅ አላቸው›› ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት የእርሳቸውን ፊንጃን ጋር ገልብጣ ነው። በአንቱታ ያለቻት ቃል ያቺ ብቻ ነበረች።

የካቲት 1967 የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ 1967 የከተማው ቤት ተወረሰ። ለሐረሪ ይህ ሁለቱንም እግር ማጣት ነበር፤ ኑሮው ከግንቡ ውጪ ባለው የጫት፣ የቡናና የብርቱካን እርሻና በከተማው ቤትና ንግድ ላይ ቆሞ ነበርና። በ1970 የሶማሊያ ጦር ሐረር ደጃፍ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቀይ ሽብር ነበር። የአይ ልጆች አንድ በአንድ ወጡ፣ በጅቡቲም በሳዑዲም በኩል። ያኔ ካናዳ፣ በተለይ ቶሮንቶ፣ የሐረሪ መኖሪያ እየሆነች ነበር። አይ ተራቸው የደረሰው በ1981 ዓ.ም. ነው።

የሄዱበትን ሌሊት አስታውሳለሁ። ሻንጣቸው ውስጥ ስፌቱ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ወስፌው በካልሲ ውስጥ፣ ከላይ ደግሞ እናቴ የሰጠቻቸው አንድ እቅፍ የተመረጠ የመንዝ ስንደዶ፣ ‹‹ያበጠው›› ሣር። ስንደዶው ግን አልደረሰም። አንድ አየር ማረፊያ ላይ አንድ ፈታሽ እንደ ዘር ቆጥሮት ጣለው። ወስፌውን አላየውም።

ሐረር ኖራ ያጠናችው፣ በኋላም የቶሮንቶ ሐረሪዎችን የተከታተለችው ካናዳዊቷ ደራሲና አንትሮፖሎጂስት ካሚላ ጊብ አንድ ነገር ልብ ብላለች። ሐረር የወልዮች ከተማ ናት፤ ከመቶ በላይ የወልይ ቦታ አላት፣ የሴቶቹ ሃይማኖታዊ ኑሮ ብዙው ከእነዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። ወልይ ግን ከመቃብሩ አይነቃነቅም። ቶሮንቶ ላይ አው አባድር የለም፤ ስለዚህ አምልኮው ሌላ መልክ ያዘ፣ ወደ መስጊዱና ወደ መጽሐፉ አደላ። የሚሻገረው ተሻገረ፣ የማይሻገረው ቀረ። ስፌት ከሚሻገሩት ነው፤ ሣሩ ግን ከማይሻገሩት።

ይህ ወደ ሦስተኛው እጅ ያመጣናል። በሁለተኛው ስፌት ጠርዝ ላይ፣ የመዳፍ ያህል ርዝመት ያለው ቦታ አለ፤ መጀመሪያ አላየሁትም። አውራ ጣቴም አላገኘውም። የልጅ ልጃቸው ‹‹ጠርዙ ላይ የተለየ ነገር የለም?›› ስትለኝ ነው እንደገና የዞርኩት፤ ያኔም ያገኘሁት በአፍንጫዬ ነው። ስፌቱ ሁሉ የዕጣን ሽታ አለው፤ ያቺ ቦታ አትሸትም።

‹‹እኔ ነኝ የሰበርኩት›› አለችኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ሶፋ ላይ የተቀመጠው ስፌት ላይ ቁጭ አለችበት። እናቷ ጮኸች። አይ አልተናገሩም። በማግስቱ ከሱቅ የሣር መጥረጊያ ይዘው መጡ፤ እጀታውን ቆርጠው ጣሉ፣ ጭራሮውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉ። ለጥምጥሙ ስንደዶ ስለሌለ የዕደ ጥበብ ሱቅ ራፊያ ገዙ፤ አዲስ ስለሆነ ያበራል፤ ስለዚህ ጥቁር ሻይ አፍልተው ነከሩት፣ አደረቁት፣ እንደገና ነከሩት፣ የአርባ ዓመት ስንደዶ እስኪመስል። ቀዩን ደግሞ በጥልፍ ክር ሠሩት። ክር ለስላሳ ስለሆነ ጥምጥሙ ውስጥ ይሰምጣል፤ እርሳቸው በሰም አሽተው አደደሩት። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ልጅቷ ሁለቱንም ሳምንት ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ አየች፤ ከዚያ ወዲህ ሙያ መማር ባትችልም ማየት ተምራለች።

ያንን ቦታ ገልብጬ አየሁት። በጀርባ በኩል የተሰነጠቀ ጥምጥም የለም። በአውራ ጣት ስፋት ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ታውቁታላችሁ።

ሰው የሚያደንቀው የሙሽራዋን ሥራ፣ ጨረሩን፣ ቀለሙን ነው። ሙዚየም ቢገባም ጽሑፍ የሚለጠፍለት እርሱ ነው። ለእኔ ግን የአይ ትልቁ ሥራ ይህች የመዳፍ ርዝመት ጥገና ናት። ሐረር ላይ ጥሩ መስፋት የሐረርም ሙያ ነው፤ ሣሩ፣ መምህሯ፣ ሞይ ጋሩ፣ ሁሉም ይረዳል። ከ60 ዓመት ባለፈ ዕድሜ፣ በመጥረጊያ ጭራሮ፣ በሻይና በጥልፍ ክር ያንኑ ልክ ማውጣት ግን የአንዲት ሴት ብቻ ነው። ስለ ስደተኛ ስንጽፍ ያጣውን መቁጠር ይቀናናል። አይ ያጡትን ያውቁታል፤ ግን ሲያወሩን የሰማናቸው ስለ ሰበዝ ነበር።

አንድ ነቀፋ አለኝ፤ እናቴ ብትኖር ትናገረው ነበር። በሁለተኛው ስፌት ላይ ከስምንቱ ጨረሮች አንዱ ጠርዙ ጋ በሁለት ጥምጥም ይጠብባል። የመርካቶው ክፍል ላይ ነው፤ ከመለኪያው ጋር ሲታገሉ ቆጠራው አምልጧቸዋል። አላስተካከሉትም። ለሠርጉ ቸኩለው ይሆናል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የጁገሉ በጭስ ቡና መስሏል፣ አረንጓዴው ጥቁር ሆኗል። የቶሮንቶው አንድ ጎኑ እንደ ትናንት ነው፣ ሌላው ጎኑ በመስኮት ፀሐይ ገርጥቷል። ጥንድ ናቸው ብሎ የሚያምን የለም፤ ገልብጣችሁ ካላያችሁ በቀር። ልጅቷ አንዱን ለራስ ተፈሪ ቤት፣ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሰበሰቡት ቅርስ ላለበት ሙዚየም፣ ልትሰጥ አስባ ነበር። የቤቱ ባለቤት አክስቷ ‹‹ሙዚየሙ ብዙ አለው፣ ግድግዳዬ አንድ ሚስማር አለው›› አሏት። ሰቀሉት።

እንግዲህ ወደ ሐረር የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሞት ሳትገዙ አትመለሱም። ስፌት ተራ ላይ ቀለሙ ከሩቅ ይጠራችኋል። እኔ አንድ ጊዜ እንደዚያ ተጠርቼ የገዛሁት በመጀመሪያው ዝናብ ግድግዳዬን ሮዝ አድርጎት ቀርቷል። ስለዚህ ጣታችሁን ምራቅ አስነክታችሁ ቀዩን አሹት። ከዚያ ገልብጡት፤ አውራ ጣታችሁን ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ጎትቱት። በመካከል የማይደናቀፍ ካገኛችሁ ሴትዮዋ የጠራችላችሁን ዋጋ ክፈሉ፤ አትከራከሩ።